ቫኔቫር ቡሽና ዱካ የማይጠፋበት ጠረጴዛ

በማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ተጠቃሚው ከቶ የማያያቸው አያሌ ክፍሎች አሉ። መረጃ የሚያከማቸው፣ ሒሳብ የሚያሰላው፣ ከሌላ ማሽን ጋር መልእክት የሚለዋወጠው ክፍል ሁሉ ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። ተጠቃሚው የሚያውቀው በስክሪኑ ላይ የተዘረጋለትን ገጽና ከዚያ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መንገድ ብቻ ነው። ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር መንገዱ ከጠፋው ፕሮግራሙ ለእርሱ የለም። የትኛው ገጽ መቼ እንደሚታይ፣ ሁለት ገጾች ጐን ለጐን መታየት ይችሉ እንደሆነ፣ ተጠቃሚው ከየት እንደመጣና በየት በኩል እንደሚመለስ መወሰን ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ በየዕለቱ የሚገጥመው ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ከኮምፒዩተር ስክሪን ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄውን በግልጽ ያነሣውና ለመልሱም እጀታውንና ቁልፉን ሳይቀር በዝርዝር የነደፈው ሰው፣ የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ወሬ ለሕዝብ ከመሰማቱ በፊት በጥርስ ጎማና በፊልም ያስብ የነበረ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊው ቫኔቫር ቡሽ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአገሩን ሳይንቲስቶች አሰባስቦ በመምራቱ ነው። ለሙያው ሰዎች ግን ሕይወቱ ሌላ ትምህርት ይዟል። የነደፈው መሣሪያ ከቶ አልተሠራም፤ የመረጠውም ቴክኒክ ዘመኑ አልፎበታል፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ሕያው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው መከታተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና የመጀመሪያ ፈጠራው

ቫኔቫር ቡሽ ማርች 11 ቀን 1890 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኤቨሬት ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሳሊስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበረ። ከቀደምት ቤተሰቡም ውስጥ የመርከብ አዛዦች ነበሩበት። ቫኔቫር በልጅነቱ በሽታ ያጠቃው ስለነበር ረጅም ጊዜ በአልጋ ላይ አሳልፏል፤ ሆኖም በትምህርቱ፣ በተለይም በሒሳብ፣ ከጓደኞቹ የሚቀድም ነበረ።

ወደ ተፍትስ ኮሌጅ ገብቶ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውንና የማስተርስ ዲግሪውን ባንድነት አጠናቅቆ በ1913 ተመረቀ። ገና ተማሪ ሳለ የሠራው መሣሪያ የኋላ ሐሳቡን ሁሉ የሚያመለክት ነው። መሣሪያው በሁለት የብስክሌት ጎማዎች መካከል የተንጠለጠለ ሣጥን ሲሆን፣ የመሬት ቀያሽ እንደ ሣር ማጨጃ እየገፋ በሜዳውና በዳገቱ ላይ ይነዳዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው አሠራር የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከተጓዘው ርቀት ጋር እያገናዘበ በወረቀት ላይ ራሱ ይሥላል። ሰውየው ጉዞውን ሲጨርስ የሄደበት መንገድ ተሥሎ ይጠብቀዋል። ቡሽ ለዚህ ፈጠራ በ1912 የባለቤትነት መብት አገኘ። ነገር ግን መሣሪያውን የሚገዛ ኩባንያ አልተገኘም። ወጣቱ መሐንዲስ ከዚህ የተረዳው፣ አንድ ፈጠራ በሥራ ላይ የሚውለው ስለሠራ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ሲቀበሉት መሆኑን ነው።

ከምረቃው በኋላ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ለጥቂት ጊዜ ከሠራና ጥቂትም ካስተማረ በኋላ፣ በ1916 በምሕንድስና የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ፊቢ ዴቪስን አግብቶ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከብን በመግነጢስ ኀይል የሚያገኝ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው የሚያገለግለው በእንጨት መርከብ ላይ ብቻ ሲሆን፣ የባሕር ኀይሉ ሹማምንት በብረት መርከብ ላይ ካልተተከለ አሉ፤ ስለዚህም ሳይጠቅም ቀረ። ሠሪውና ተጠቃሚው ሳይነጋገሩ የሚሠራ ሥራ መጨረሻው ምን እንደሆነ ቡሽ በዚህ አየ፤ ይህንንም ትምህርት ከ20 ዓመት በኋላ በትልቁ ሥራ ላይ አዋለው።

በ1919 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሆነ። በ1922 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ ደግሞ ራዲዮ ያለ ባትሪ፣ ከቤት የኤሌክትሪክ መስመር እንዲሠራ የሚያስችል ቱቦ በማውጣቱ ታወቀ፤ ይኸው ኩባንያ በኋላ ሬይቴዎን ተብሎ የተጠራው ነው።

ሒሳብን ለዓይን ያሳየው ማሽን

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኀይል መስመሮች እየረዘሙና እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ሲሄዱ፣ መሐንዲሶች በእጅ ሊፈቱ የማይችሉ ዲፈረንሺያል እኩልታዎች ገጠሟቸው። ቡሽና ተማሪዎቹ ይህን ችግር ለመፍታት ለዓመታት ሠርተው ዲፈረንሺያል አናላይዘር የተባለውን ማሽን አቆሙ፤ ዝርዝር መግለጫውም በ1931 ታተመ።

የማሽኑ ልብ ኢንቴግሬተር የሚባለው ክፍል ሲሆን እንዲህ ያሉ ክፍሎች ስድስት ነበሩት። እያንዳንዱ ኢንቴግሬተር አግድም የሚሽከረከር ዲስክና በዲስኩ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ትንሽ ጎማ ነበረው። ጎማዋ ከዲስኩ መካከል በራቀች መጠን ፈጥና ትዞራለች፤ ወደ መካከል በቀረበች መጠን ዝግ ትላለች። ስለዚህ የጎማዋ ዙር ጠቅላላ ድምር የተፈለገውን ኢንቴግራል ይሰጣል። ይሁን እንጂ የትንሿ ጎማ ጉልበት ረጃጅሞቹን ዘንጎች ለማዞር አይበቃም ነበር። ይህንንም ችግር መርከበኞች ገመድ በሚስቡበት ከበሮ ዓይነት በሚሠራ የጉልበት ማጎልበቻ ተወጡት።

የማሽኑ ሌላ ገጽታ ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። በዘንጎቹ ጐንና ጐን ጠረጴዛዎች ተደርድረው ነበር። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው የተሣለን መስመር እየተመለከተ፣ ጠቋሚው ከመስመሩ እንዳይወጣ መዘውር ይዞ ያሽከረክራል። በመውጫው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ መልሱን እየሣለ ይሄዳል። እንግዲህ ሠራተኛው የሒሳቡን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይኑ ያያል፣ በእጁም ይመራል። ቡሽ በኋላ እንደተናገረው፣ በማሽኑ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ባለሙያ ዲፈረንሺያል እኩልታ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረው ዘንጎቹንና ጎማዎቹን በመቈጣጠር ብቻ ተረዳ። ሐሳብ በዓይን ከታየና በእጅ ከተመራ ሰው ይማረዋል የሚለው እምነት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከቡሽ አልተለየም።

የማሽኑ ግልባጭ በሌሎች የአሜሪካና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችም ተሠራ። በ1936 በማሽኑ ላይ እንዲሠራ የተቀጠረው ወጣት ክሎድ ሻነን የማሽኑን ኤሌክትሪካዊ መቈጣጠሪያዎች ሲያጠና፣ ማብሪያና ማጥፊያዎች በሎጂክ ሕግ ሊሰሉ እንደሚችሉ አስተዋለ፤ ይህም ለዲጂታል ኮምፒዩተር ዋነኛ መሠረት ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ ነው። ማለትም የቡሽ ማሽን የሚተካውን ሐሳብ በገዛ ጓዳው አሳደገ።

የመዝገብ ብዛትና የጦርነቱ ዘመን

ቡሽ በ1932 የተቋሙ ምክትል ፕሬዚዳንትና የምሕንድስና ክፍል ዲን ሆነ። በዚሁ ዘመን የሚያሳስበው አዲስ ጉዳይ ተነሣ። የምርምር ጽሑፎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ፣ አንድ ሰው በገዛ ሙያው የተጻፈውን እንኳ ማንበብ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ለዚህ አደጋ ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው የግሪጎር ሜንዴልን የዘር ውርስ ሕግ ነው። ሕጉ በ1866 ታትሞ ሳለ፣ ሊረዱትና ሊያስፋፉት ከሚችሉት ሰዎች እጅ ባለመግባቱ እስከ 1900 ድረስ ተረስቶ ቀረ። መዝገቡ ነበረ፤ ወደ መዝገቡ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልነበረም።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ቡሽና ተማሪዎቹ በማይክሮፊልም ላይ የተቀረጹ ሰነዶችን በብርሃን የሚያነብብ ፈጣን መራጭ የተባለ ማሽን መሥራት ጀመሩ። በእያንዳንዱ ሰነድ ጐን የነጥቦች ምልክት ይታተማል፤ ፊልሙ በፍጥነት ሲያልፍ የብርሃን ዓይን ምልክቱን ይለይና የተፈለገውን ሰነድ ይገለብጣል። በዚህ ረገድ በጀርመን አገር አማኑኤል ጎልድበርግ ተመሳሳይ ማሽን ቀድሞ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አግኝቶ እንደነበረ መጥቀስ ተገቢ ነው። ቡሽ ግን ከመምረጥ አልፎ አንባቢው ራሱ በመዝገቦች መካከል ስለሚጓዝበት መንገድ ማሰብ ጀመረ። በ1939 የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፈ፤ ጦርነቱ ስለደረሰ ግን ረቂቁ በመሳቢያ ቀረ።

በዚያው ዓመት በዋሽንግተን የካርኔጊ የምርምር ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። በጁን ወር 1940 የአንድ ገጽ ሐሳብ ይዞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘንድ ቀረበ፤ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜም የብሔራዊ መከላከያ የምርምር ኮሚቴ እንዲቋቋም ፈቃድ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው በሰፊው የሳይንሳዊ ምርምርና ልማት ቢሮ ሥር ተጠቃለለ፤ በቡሽ አመራር ሥር ወደ 6,000 የሚሆኑ ሳይንቲስቶች ተሰማሩ። ራዳር፣ ወደ ዒላማው ሲቀርብ በራሱ የሚፈነዳው የመድፍ ጥይት፣ ፔኒሲሊን በብዛት መመረቱ የዚህ ድርጅት እጅ ያለባቸው ሥራዎች ናቸው። የአቶሚክ ቦምብም ሥራ ለጦር ሠራዊቱ እስኪተላለፍ ድረስ በእርሱ ኀላፊነት ነበረ። ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዲውል ምክር በሰጠው ኮሚቴ ውስጥም አባል ነበረ። ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ፍንዳታ ሲሞከር በስፍራው ተገኝቷል።

በዚያው ወር፣ ከስድስት ዓመት በፊት በመሳቢያ የቀረው ረቂቅ ታድሶ በአትላንቲክ መጽሔት ታተመ። ሳይንቲስቶች ከጦር መሣሪያ ሥራ ሲመለሱ ጉልበታቸውን በምን ላይ ቢያውሉት ይበጃል ለሚለው ጥያቄ የቀረበ መልስ ነበር። ቡሽ የመረጠው ሥራ የሰው ልጅ ያከማቸውን እውቀት ለሰው ልጅ ራሱ ቅርብ ማድረግን ነው።

ሜሜክስ፤ ጠረጴዛውና ዱካው

በጽሑፉ ውስጥ የተነደፈው መሣሪያ ሜሜክስ ይባላል። ሲያዩት ተራ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ ዘንበል ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ስክሪኖች አሉ፤ የቁልፍ ሰሌዳና ጥቂት እጀታዎችም አሉበት። በውስጡ መጻሕፍት፣ ሥዕሎች፣ ደብዳቤዎችና ጋዜጦች በማይክሮፊልም ታጭቀው ይቀመጣሉ። ባለቤቱ በእጁ የጻፈውን ማስታወሻ በጠረጴዛው ላይ ባለ መስታወት ላይ ሲያኖር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከመዝገቡ ጋር ይቀላቀላል። በቀን 5,000 ገጽ ቢያስገባ እንኳ ጠረጴዛው እስኪሞላ በመቶ የሚቈጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ንድፉ በጣም የሚደነቀው ግን በአንባቢው እጅ ሥራ ላይ ነው። አንባቢው አንዱን እጀታ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርገው ገጾቹ ዓይን ሊለያቸው በሚችል ፍጥነት አንድ በአንድ ያልፋሉ። ይበልጥ ሲገፋው አሥር አሥር ገጽ፣ ከዚያም በላይ ሲገፋው መቶ መቶ ገጽ ይዘላል። እጀታውን ወደ ግራ ሲመልሰው በዚያው ስልት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ልዩ ቁልፍ ሲነካ ከየትም ቦታ ሆኖ ወደ ማውጫው የመጀመሪያ ገጽ ይመለሳል። ስክሪኑ ከአንድ በላይ ስለሆነም አንዱን ገጽ በቦታው ትቶ ሌላውን በጐኑ ሊጠራ ይችላል። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ መነሻ፣ ጐን ለጐን፦ ዛሬ በየስክሪኑ ላይ የምናያቸው አራት መሠረታዊ እንቅስቃሴዎች በ1945 በእጀታና በቁልፍ ተነድፈው ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቡሽ ይህን እንደ መነሻ ብቻ ነው የቈጠረው። በእርሱ አስተያየት ትልቁ ችግር የማውጫ ሥርዓት ነበር። መዝገብ በፊደል ተራ ወይም በቁጥር ሲደረደር፣ ፈላጊው ከዋናው ክፍል ወደ ንኡስ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ንኡስ ክፍል እየወረደ ይደርሳል። አንዱን ካገኘ በኋላ ሌላውን ለማግኘት ከሥርዓቱ ጠቅልሎ ወጥቶ በሌላ በር እንደገና መግባት አለበት። የሰው አእምሮ ግን እንዲህ አይሠራም። አንድ ነገር ሌላውን ያስታውሳል፤ ሐሳብ ከሐሳብ ጋር በተዛመደበት ይሻገራል። የአእምሮ ደካማ ጐን የሻገረበት መንገድ ካልተመላለሰበት የሚጠፋበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሜሜክስ ዱካን እንዲይዝ ተደረገ። አንባቢው ሁለት ገጾችን ጐን ለጐን አቅርቦ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለቱ ለዘለቄታው ይተሳሰራሉ፤ ከእንግዲህ አንዱ በታየ ጊዜ ሌላው በአንድ ቁልፍ ይጠራል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ መቶኛውን እየጨመረ ሲሄድ ዱካ ይሆናል፤ ለዱካውም ስም ይሰጠዋል። ቡሽ ለምሳሌ ያቀረበው ስለ ቀስት ታሪክ የሚመረምር ሰው ነው። ሰውየው በመስቀል ጦርነት ጊዜ አጭሩ የቱርክ ቀስት ረጅሙን የእንግሊዝ ቀስት ለምን እንደበለጠው ሲመረምር፣ ከታሪክ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ሌላ ጽሑፍ ያልፋል፤ የዕቃው የመለጠጥ ባሕርይ ጉዳዩን እንደሚነካው ሲያስተውል የጐን ዱካ ከፍቶ ወደ ፊዚክስ ሰንጠረዥ ይገባል፤ የራሱንም ማስታወሻ ይጨምርበታል። ከዓመታት በኋላ ስለ ተመሳሳይ ጉዳይ ከወዳጁ ጋር ሲነጋገር ዱካው እንደተወው ይቆየዋል፤ ገልብጦም ለወዳጁ ይሰጠዋል። ወደ ፊትም በእውቀት ጫካ ውስጥ ለሌሎች ጥርጊያ መንገድ ማበጀት ራሱን የቻለ ሙያ እንደሚሆን፣ በቋንቋችን ፈር ቀዳጅ የምንላቸው ሰዎች በዚህ ሥራ እንደሚሠማሩ ገመተ።

ከተማሪነቱ ዘመን መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ዝምድናው ጐልቶ ይታያል። ባለ ብስክሌት ጎማው ሣጥን ቀያሹ የረገጠውን መሬት ሣለ፤ ሜሜክስ ደግሞ አንባቢው የተሻገረበትን ሐሳብ ይሥላል። በሁለቱም ዘንድ የተጓዡ መንገድ ራሱ ዋጋ ያለው መዝገብ ነው።

ያላየው ማሽን

ሜሜክስ አልተሠራም። የፈጣኑ መራጭ ዓይነት የፊልም ማሽኖችም ለሰፊ አገልግሎት አልበቁም። ለመዝገብ ጉዳይ የተሻለው መሣሪያ ዲጂታል ኮምፒዩተር ነበር፤ ቡሽ ግን ይህን በጊዜው አልተገነዘበም። በ1940 የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር በኤሌክትሮን ቱቦ የሚሠራ፣ በሁለት አኃዝ የሚያሰላ ማሽን እንዲሠራ በጽሑፍ ሐሳብ ቢያቀርብለት፣ ቡሽ ለጦርነቱ ጊዜ አይደርስም ሲል ሳይቀበለው ቀረ። በዚያው ዘመን እርሱ የሚኮራበት ሁለተኛው ዲፈረንሺያል አናላይዘር 100 ቶን ያህል የሚመዝን፣ 2,000 የሚሆኑ የኤሌክትሮን ቱቦዎች ያሉት ግዙፍ ማሽን ነበር። በ1942 ሥራ ጀምሮ ለጦርነቱ ቢጠቅምም፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ዘመኑም አብሮ አለቀ።

ይህን በቡሽ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ነገሩ ለሙያው ሰው ሌላ ማስተዋል ይሰጣል። አንድ ንድፍ ሁለት ነገሮች አሉት፦ አንደኛው መሣሪያው የሚሠራበት ስልት ነው፤ ሁለተኛው ሰውየው በመሣሪያው የሚያደርገው ነገር ነው። ቡሽ በመጀመሪያው ተሳሳተ፤ በሁለተኛው ግን እውነቱን አገኘ። ፊልሙ በመግነጢስ ዲስክ፣ እጀታው በመዳፊት፣ መዳፊቱም በጣት ተተካ። ገጽን ጠርቶ ማቆም፣ ሌላውን በጐኑ ማቅረብ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ የተሻገሩበትን መንገድ ማኖር ግን አልተተካም።

ወራሾቹ

በ1945 ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል ወጣት የአሜሪካ ባሕር ኀይል የራዳር ቴክኒሻን በፊሊፒንስ ደሴት በቀይ መስቀል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቡሽን ጽሑፍ አነበበ። ሐሳቡ ከአእምሮው ስላልወጣ በ1962 ሰፊ የምርምር ዕቅድ ጻፈ፤ ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተሰበሰቡ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ፊት መዳፊትን፣ በስክሪን ላይ የተከፋፈሉ ዕይታዎችንና ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሚያሻግሩ ማያያዣዎችን በሥራ ላይ አሳየ። ቴድ ኔልሰንም በ1965 ለእንዲህ ዓይነቱ የተሳሰረ ጽሑፍ ሃይፐርቴክስት የሚለውን ስም ሲያወጣ የቡሽን ሐሳብ ይዞ ነበር። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ ያቀረበው ዕቅድ ሃይፐርቴክስትን ለዓለም ሁሉ አዳረሰው።

በሌላ በኩል፣ ከቡሽ በቀጥታ የወረሰ ባይሆንም፣ ኖርዌያዊው ትሪግቨ ሬንስካውግ በ1979 በዜሮክስ የምርምር ማእከል ፕሮግራምን በሦስት የሚከፍል ሥርዓት አወጣ። መረጃው ራሱ ሞዴል፣ መረጃው የሚታይበት መልክ ዕይታ፣ የተጠቃሚውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስተናግደው ተቈጣጣሪ ተባለ። ይህን ከሜሜክስ ጋር ላነጻጸረው ክፍፍሉ እንግዳ አይሆንበትም። ፊልሙ ሞዴል፣ ስክሪኑ ዕይታ፣ እጀታው ተቈጣጣሪ ነው። አንድ ፊልም በሁለት ስክሪን ሊታይ፣ አንድ ስክሪንም ብዙ ፊልም ሊያሳይ ይችላል። ሜሜክስ ግን በሦስቱ ላይ አራተኛ ክፍል ነበረው፤ እርሱም ዱካው ነው።

በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ የዱካን ቦታ የያዘው የገጾች ቁልል ነው። ተጠቃሚው አዲስ ገጽ ሲከፍት ገጹ በቁልሉ ላይ ይጨመራል፤ ተመለስ ሲል የላይኛው ይነሣና ከሥሩ ያለው ይታያል። ሥርዓቱ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም ተጠቃሚው የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል። ነገር ግን ከቁልሉ የተነሣው ገጽ ተጣለ ማለት ነው። በድረ ገጽ ማሳሻ ውስጥም ተጠቃሚው ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ ማያያዣ ሲሄድ፣ ቀድሞ ወደ ፊት የነበረው መንገድ ከቁልሉ ይቈረጣል። ማያያዣውም ቢሆን የሚያስረው የገጹ ጸሐፊ እንጂ አንባቢው አይደለም። ቡሽ ያሰበው የጐን ዱካ፣ የሁለትዮሽ ትስስርና አንባቢው በስሙ የሚያኖረው መንገድ እስከ ዛሬ በብዛት ጐድሎ ይገኛል።

ይህ ጉድለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንዲት ነርስ የበሽተኛውን የላቦራቶሪ ውጤት ከፍታ፣ ከዚያ ወደ መድኃኒቱ መጠን ሰንጠረዥ፣ ከዚያም ወደ ቀድሞው የሕክምና መዝገብ ተሻገረች እንበል። አዲሱ ገጽ አሮጌውን ስለሚሸፍነው ቁጥሩን በቃሏ መያዝ አለባት። በመካከሉ ስልክ ቢደወል ወይም ፕሮግራሙ ለጥበቃ ሲል ቢዘጋ፣ ስትመለስ የሚቀበላት የመጀመሪያው ገጽ ነው። ቁጥሩን ከተሳሳተች ጥፋቱ የእርሷ ይባላል። እውነተኛው ምክንያት ግን በንድፉ ውስጥ ነው፤ ሁለት ነገር ጐን ለጐን የሚታይበት ስፍራና የተሄደበትን መንገድ የሚያኖር ክፍል አልተበጀም። የሚታሰር ሰነድ ለሌለው ተራ ፕሮግራም ቁልል ይበቃል። ሰው ለሚያመዛዝንበት፣ ለሚወስንበት ሥራ ግን አይበቃም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ቡሽ በጁላይ ወር 1945 ለመንግሥት ባቀረበው ዘገባ፣ መሠረታዊ ምርምር በሰላም ጊዜም በመንግሥት ገንዘብ እንዲደገፍ አሳሰበ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1950 ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት ሲቋቋም፣ እርሱ እንዳሰበው ባይሆንም ሐሳቡ ፍሬ አፈራ። በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ተሰሚነት ግን እየቀነሰ ሄደ። በ1952 የመጀመሪያው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ እንዲዘገይ መከረ፤ አልተሰማም። በ1954 የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ኦፐንሃይመር ስለ ታማኝነቱ በተጠየቀ ጊዜ ቀርቦ መሰከረለት። የካርኔጊን ተቋም እስከ 1955 ከመራ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሶ በቀድሞው ተቋሙ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኖ አገለገለ።

በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሜሜክስ በድጋሚ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ዲጂታል ኮምፒዩተር ተስፋፍቶ ነበርና አሠራሩን ከአዲሱ ቴክኒክ ጋር ለማስማማት ሞክሯል፤ ዱካውን ግን ከያዘበት ቦታ አላነቃነቀውም። ባለቤቱ በ1969 ሞተችበት። እርሱም ጁን 28 ቀን 1974 በ84 ዓመት ዕድሜው በቤልሞንት ከተማ ዐረፈ።

ስለ ሕይወቱ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ቡሾችን ይነጥላሉ፤ የጦርነቱን አደራጅና የጠረጴዛውን አላሚ። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ሰው ነበሩ። ያ ሰው በሰርጓጅ መርከቡ ጉዳይ ሠሪና ተጠቃሚ ሲለያዩ ምን እንደሚጠፋ አይቷል፤ በሜንዴልም ታሪክ እውቀት ከነመዝገቡ ሳለ እንዴት እንደሚቀበር ተረድቷል። ስለዚህ ማሽኑ ምን ያህል ያከማቻል ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ በማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው እንዴት ይጓዛል፣ የተጓዘውስ እንዴት ይቆይለታል የሚለውን አስቀደመ። ማከማቸቱ ዛሬ ከገመተው እጅግ በላይ ተፈጽሟል። የተጓዡን ዱካ ማኖሩ ግን ገና የሚጠብቀን ሥራ ነው፤ ይህም ሥራ የሚጠይቀው አዲስ ማሽን ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ ሲነደፍ ለመንገዱ የሚሰጠውን ቦታ ነው።